ብቅ ብሎ የሚጠፋ መልእክት በአማርኛ ሲጻፍ

ጥያቄ፦ በምሠራው ድረ ገጽ ላይ ተጠቃሚው የሆነ ነገር ሲያስቀምጥ ወይም ሲሰርዝ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ብሎ የሚጠፋ መልእክት አለ። «አስቀምጠሃል» ልበል ወይስ «ተቀምጧል»? የነገሩን ስም ከዳታቤዝ አምጥቼ «ው ተሰርዟል» ብዬ ስቀጥልበትም አንዳንዱ ልክ ይመጣል፣ አንዳንዱ ይበላሻል።

መልስ፦ «ተቀምጧል» ይበሉ። «አስቀምጠሃል» ሴቶችን ይዘላል። «አስቀምጠዋል» ከዚህ ቢያድንም፣ ተጠቃሚው ማወቅ የሚፈልገው ማን እንዳስቀመጠ ሳይሆን ነገሩ መቀመጡን ነው። በየቦታው የሚለጠፈውን «በተሳካ ሁኔታ» ደግሞ ይተዉት፤ ካልተሳካማ መቼ ተቀመጠ?

ይህ ሐረግ ሌላም ጉዳት አለው፤ ግሱን ያርቃል። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ መሆን አለመሆኑም የሚታወቀው ከግሱ ነው። «በግል መረጃዎ ላይ ያደረጉት ለውጥ አልተቀመጠም» የሚለው በስልክ ስክሪን ላይ «ለውጥ…» ብሎ ከተቆረጠ አንባቢው ይቀመጥ አይቀመጥ አያውቅም። «ለውጡ አልተቀመጠም። ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ እንደገና ይሞክሩ።» ቢባል ግን ቢቆረጥም ዋናው ነገር ደርሷል። ምክንያቱና መፍትሔው ከግሱ በኋላ፣ በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይምጡ።

«ው» የሚያበላሸው ስሙ በምን ድምፅ እንደሚያልቅ ስለማያይ ነው። «ፎቶ» በአናባቢ ስለሚያልቅ «ፎቶው» ይሆናል። «ሰነድ» ግን በሳድስ ስለሚያልቅ የመጨረሻው ፊደል ራሱ ወደ ካዕብ ተለውጦ «ሰነዱ» ይላል እንጂ «ሰነድው» አይባልም። የነገሮቹ ዓይነት ጥቂት ከሆነ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ፎቶው ተሰርዟል»፣ «ሰነዱ ተሰርዟል»። ስሙን የሚያወጣው ተጠቃሚው ከሆነ ደግሞ ምንም ሳይቀጥሉበት ወደ መጨረሻ ይውሰዱት፦ «ሰነዱ ተሰርዟል፦ የሰኔ ሒሳብ»።

የሰው ስም ሲገባ ጾታው ይፈትናል። «ልኳል» ወይስ «ልካለች» ከማለት «ከትዕግሥት መልእክት ደርሶዎታል» ይበሉ፤ «ከ» በየትኛውም ስም ላይ ሳይለወጥ ይገባል።

ቁጥር ካለ «3 ፋይል ተሰርዟል»ም «3 ፋይሎች ተሰርዘዋል»ም ያስኬዳል፤ አንዱን መርጠው ይጽኑበት። ብዙ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) የሚከተሉት የሲኤልዲአር (CLDR፣ የየቋንቋውን የአጻጻፍ ደንብ ለፕሮግራሞች የሚያቀርብ የመረጃ ስብስብ) ደንብ ግን በአማርኛ 0ን ከ1 ጋር በነጠላ ይመድባል። በነጠላው ቦታ «አንድ ፋይል ተሰርዟል» ብለው በፊደል ከጻፉ፣ ምንም ሳይሰረዝም አንድ ተሰርዟል ይላል። እዚያም ቁጥሩን ከፕሮግራሙ ያምጡት፤ ለ0 «የተሰረዘ ፋይል የለም» የሚል የራሱ መልእክት ይሻላል።