100 ጊዜ ሳታዩ «የለም» አትበሉ

ልጆቼ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የደሴ ሰው ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ወፍ ነው።

በጥቅምት የእህቴን ልጅ ይዤ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ወዳለው የሐይቅ ሐይቅ ወረድኩ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በማለዳው ሚኒባስ ከተሳፈራችሁ ወፎቹ ቁርስ ላይ ሳሉ ትደርሳላችሁ። ውሃው ዳር አምስት ደቂቃ እንኳ ሳንቆም ልጁ «ጋሼ፣ ምንም የለም እኮ» አለኝ። ስልኩንም አወጣ።

ይቺን «የለም» አውቃታለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ወረፋው በዛብኝና የአንዲት እናት የደም ናሙና ላይ ጥቂት ቦታ አይቼ «ወባ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ብሶባት ተመለሰች። ያንኑ ስላይድ ደግሜ ሳየው ወባው ነበረ። ተመስገን፣ ድናለች። ግን «የለም» ለማለት በማይክሮስኮፕ 100 ቦታ ማየት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ «ቁጭ በል» አልኩት። ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን ዝም አልን። ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ የመሰለን ነገር አንገቱን ቀና አደረገ። ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለበት የግብፅ ዝይ ነው። ቀጥሎ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች ትንሽ ወፍ መጥታ ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆመች። ክንፏ ይርገበገባል፤ ጭንቅላቷ ግን ንቅንቅ አይልም። ድንገት ቁልቁል ገባች። ስትወጣ ዓሣ ይዛለች። እንጨት ላይ አርፋ ዓሣውን ሁለት ሦስቴ አጋጨችውና ዋጠችው። ልጁ ስልኩን መቼ ኪሱ እንደከተተው አላየሁም።

የመስቀል ወፍንም እንዲሁ ነው የምንበድላት። «በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች» እንላለን። የትም አትሄድም እኮ! ወንዱ በመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ያኔ ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን። ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በጋውን እኛ ዘንድ የሚያሳልፉት ሌሎች ናቸው፤ ለእነሱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውጡ።

ደብተር ያዙ። የወፏን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት እንደሆኑ፣ የመንቁሩንና የእግሩን ቀለም። ስሙን መጀመሪያ ከስልክ ካገኛችሁት ዓይናችሁ ማየት ያቆማል። ለፎቶ ብላችሁም ወደ ጎጆ አትጠጉ። እናቲቱ ከተነሳች እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። ባይናኩላር ከሌላችሁ አብሽሩ፣ ትዕግሥት ይበልጣል።

ከሰዓት እዚያው አቅራቢያ ወዳለው ሌላ ሐይቅ፣ አርዲቦ ወጣን። ነፋስ ስለነበረ ብዙም አልቆየንም። ስንመለስ የልጁን ደብተር አየሁት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «9፡40። አርዲቦ፣ ሣሩ ውስጥ። አንድ። ግራጫ፣ እግሯ ረጅም። አላወቅኳትም።»