የቤተ መጻሕፍቱን ቻናል በግለሰብ ስልክ እንዳትከፍቱት

እህቴ፣ «አዲስ የተመደብኩበት ቤተ መጻሕፍት አንባቢ እየራቀው ነው፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ጎግል ፎርም ልንጠቀም አስበናል፣ ከየት እንጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በዚህ ሥራ ዓመታት ቆይቻለሁ። ቻናል አሳድጌያለሁ፣ ያሳደግነውንም አጥቻለሁ። አከፋፈቱን ማንም ያሳይሻል። እኔ እኛን ያቃጠለንን ልንገርሽ።

1. ከሁሉም በፊት ቻናሉ የማን እንደሆነ ወስኑ። እኛ አልወሰንንም። አንድ ጎበዝ ወጣት ባልደረባ ነበረን፤ በራሱ ስልክ በአንድ ከሰዓት ከፈተልን፣ እኛም አመስግነን ዝም አልን። ልጁ ሥራውን ይወደው ነበር። አዲስ የገባውን መጽሐፍ ፎቶ ያነሳል፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን ይጽፋል፣ በሃሽታግ በየትምህርት ዓይነቱ ይለያል። 2 ዓመት ሳይሞላው ከ3,000 በላይ ሰው ገባ። ጠዋት በር ስከፍት «ማታ የለጠፋችሁት መጽሐፍ አልተወሰደም አይደል?» የሚል አንባቢ ቆሞ አገኝ ነበር። ያንን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ልጁ የተሻለ ሥራ አገኘና ለቀቀ። ክሊራንስ ሲያወጣ ወንበሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ አንድ በአንድ እያስፈረመ አስረከበ። ወረቀት መብሻዋ ሳትቀር ተጠይቋል። ቻናሉን ግን ያነሳ ሰው የለም። ክፍሉን የምመራው እኔ ነበርኩና ጥፋቱ የእኔ ነው። ቆይተን ስናፈላልገው ቁጥሩን ቀይሯል፣ የድሮው ሲም ተዘግቷል፣ ስልኩንም ሁሉን አጥፍቶ ሸጦታል። ከእሱ ሌላ አድሚን አልነበረም። ልጁ ሊረዳን ብዙ ደክሟል፣ አልፈርድበትም። ግን ቴሌግራም ላይ ባለቤትነት የሚተላለፈው ባለቤቱ ራሱ በአካውንቱ ገብቶ የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫውን ፓስወርድ ሲያስገባ ነው። አካውንቱ ውስጥ መግባት ካልቻለ አለቀ።

የሚያሳዝነው ቻናሉ አሁንም አለ። ስማችንና አርማችን እንዳለ ነው። ሰው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይገባል፣ የመጨረሻው ፖስት የተለጠፈበትን ቀን ያያል፣ ቤተ መጻሕፍቱ የተዘጋ ይመስለዋል። አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጥተው «ክፍት ናችሁ እንዴ?» ሲሉኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።

2. ሲም ካርዱ በተቋሙ ስም ይውጣ። ይሄን ስልሽ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ወደ አይሲቲ ክፍል ስሄድ ኃላፊው ከስክሪኑ ቀና እንኳን ሳይል «ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ቴሌግራም ምን ያደርግለታል?» አለኝ። ደብዳቤ ይዤ ተመለስኩ፣ «ለእኛ ሳይሆን ለፋይናንስ ነው መጻፍ ያለበት» ተባልኩ። ፋይናንስ ደግሞ መልሶ ወደ እነሱ ላከኝ። በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ብልሃት መጣልኝ። እንደምታውቂው ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ስንት ሰው እንዳየው ይታያል። ከድሮው ቻናል ብዙ የታዩትን መርጬ፣ አትሜ፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዤ በቀጥታ ለበላይ ኃላፊው አስገባሁ። በሳምንቱ ሲሙ ወጣ። አንቺ ከመጀመሪያው እንዲህ አድርጊ፣ እግርሽን አታድክሚ።

ዛሬ ሲሙ ያለበት ስልክ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ኃላፊው ዘንድ አለ። አድሚኖቹ ሦስት ነን። ክሊራንስ ፎርሙ ላይም «የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች» የሚል መስመር አስጨምሬያለሁ፤ በዚህች መስመር እኮራለሁ። ፌስቡክም ያው ነው፤ ገጹን የሚያስተዳድረው የሰው አካውንት ስለሆነ አንድ ሰው ብቻ አድሚን ሆኖ እንዳይቀር።

3. የለፋችሁበትን መሣሪያው ላይ ብቻ አትተዉት። ዴሊሸስ የሚባል ሊንክ ማጠራቀሚያ ነበር፣ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረ። ስንት ቤተ መጻሕፍት በየትምህርቱ የሚጠቅሙ ሊንኮችን እዚያ ሰብስቦ ለአንባቢ ያካፍል ነበር። በ2017 ተሸጠና አዲስ ሊንክ ማስገባት ቆመ። የየድረ ገጹን አዲስ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ያሰባስብ የነበረው ጎግል ሪደርም በ2013 ተዘጋ። እኛን ያዳነን ቴሌግራም ዴስክቶፕ ነው። እዚያ የቻናሉን ታሪክ ኤክስፖርት ማድረግ ይቻላል፤ አባል ሆኜ ስለነበር የ2 ዓመቱን ዝርዝር ከነፎቶው አወረድኩት። ሰዎቹን ግን ማውረድ አይቻልም። አዲሱን ቻናል ኪውአር ኮድ አትመን የመመለሻ ቀን በሚመታባት ወረቀት ላይ በየመጽሐፉ ለጠፍን። አድካሚ ነው፣ ግን አንባቢዎቻችንን የመለሰልን እሱ ነው።

ምን ይለጠፍ ላልሽው፣ የርዕስ ዝርዝር ብቻ ማንም አያነብም። እኛ ጋ የሠራው የማውጫው ገጽ ፎቶ ነው። ተማሪው «ምዕራፍ 4 የምፈልገው ነው» ይልና ይመጣል። ደግሞ እናንተ ብቻ አታውሩ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ 3,000 ገደማ የቆዩ ፎቶዎችን ፍሊከር በሚባል የፎቶ ማካፈያ ድረ ገጽ ላይ አውጥቶ ሰዉ የሚያውቀውን እንዲጽፍበት ከፈተ። ተመልካቾች ቦታውን፣ ሰውየውን፣ ዘመኑን እየለዩ ጻፉ፣ ቤተ መጻሕፍቱም እያጣራ ካታሎጉን አረመበት። እኛም መግለጫ የሌላቸውን ፎቶዎች ስንለጥፍ አንድ አዛውንት አንባቢ «ከግራ ሁለተኛው የቀድሞው ኃላፊ ናቸው» ብለው ጻፉልን። ያ ፎቶ ዛሬ ካርዱ ላይ ስም አለው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። መጽሐፍ ያልመለሱ ሰዎችን ስም ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ። እኛ አንዴ ከነመጽሐፉ ርዕስ ለጠፍነው። አንዷ አንባቢ ስለ በሽታዋ የምታነበውን ሰው ሁሉ አየው። መጽሐፉን በሰው ልካ መለሰችው፣ እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልመጣችም። በግል ይጻፍላቸው፣ ካልሆነ ይደወልላቸው።

«ፒዲኤፍ የለም?» የሚል በየቀኑ ይመጣባችኋል። መብቱ የተጠበቀ መጽሐፍ ስካን አድርጋችሁ አትልቀቁ። ደራሲው በነጻ የፈቀደውን፣ ለምሳሌ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ያለውን፣ ሊንኩን ስጧቸው። ጎግል ፎርሙን ለመጽሐፍ ጥቆማ ብቻ ተጠቀሙበት፣ የተጠቆመው ሲገዛም ለጠቆመው ሰው ንገሩት።

የሲሙን ደብዳቤ ስትጽፊ በውስጥ መስመር አናግሪኝ፣ የእኔን ቅጂ እልክልሻለሁ። ሦስተኛውን፣ የሠራውን።