ቡናም አሞክሳሲሊንም ነሰነስንበት፤ መንጋጋው ይቆለፍ ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ኳስ ሊያወጣ በጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ስር ሲሾልክ ቅልጥሙን ቆረጠው። እናቴ ደሙ እንዲቆም የተወቀጠ ቡና አደረገችበት። ማታ ደግሞ እኔ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ፈልቅቄ ነሰነስኩበት። ይኸው 3 ቀኑ ነው፤ ዙሪያው ቀልቷል፣ መግልም ይዟል። ቆርቆሮው የዛገ ነበር። መንጋጋ ቆልፍ ይይዘው ይሆን? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍ ስለነሳሽ ነገር። ልጁ አፉን እንደልቡ እየከፈተ ከጎረሰና ያለችግር ከዋጠ፣ አሁን መንጋጋ ቆልፍ አልያዘውም። መግልና መቅላት የዚያ ምልክት አይደሉም፤ ቁስሉ አመርቅዟል ማለት ነው። ይድናል። ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ 3 ቀን መጠበቅሽ ራሱ በዝቷል።

ዝገቱን ተይው። በሽታውን የሚያመጣው አፈርና የከብት እበት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ እናንተ ሰፈር ደግሞ በአጥሩ ስር ከብት ሲያልፍ ይውላል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ "እስካሁን ደህና ነው" ብሎ መዘናጋት አይሆንም። የክትባት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የሚሰጠው ክትባት መንጋጋ ቆልፍንም ይከላከላል። ሦስቱንም ወስዶ ቢሆን እንኳ፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ካልተከተበ ከ5 ዓመት በላይ አልፎታል፣ ቁስሉም አፈር የነካው ነው፤ ስለዚህ ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። ካርዱ ከጠፋም ጠፋ ብለሽ ንገሪያቸው እንጂ በዚያ ምክንያት እንዳትቀሪ።

አሁን ወደ ቡናው። እናትሽ ደንግጠው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ቡናው ከደሙ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል። ላዩ ሲደርቅ የዳነ ይመስላል፣ አፈሩ ግን ከነጀርሙ ከሥር ተዘግቶበታል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቁር ቅርፊት ከአንድ ልጅ ጉልበት ላይ ቀስ በቀስ አርሼ ሳነሳ፣ ከሥሩ መግል ውስጥ የተቀበረች የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠጠር አገኘሁ። ልጁ አንድ ሳምንት ሙሉ አብሯት ከርሟል! ላምባው፣ አመዱ፣ የጥርስ ሳሙናውም ያው ነው።

አሞክሳሲሊኑ ግን በእውነት አናደደኝ። ካፕሱሉ የሚዋጥ ነው። ዱቄቱ ቁስል ላይ እንደ ኖራ ይደርቃል፣ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል፣ ጀርሙንም በቅጡ ሳይገድል መድኃኒቱን ያስለምደዋል። ደግሞስ አሞክሳሲሊን ቤት ውስጥ እንዴት ይተርፋል? ያኔ የታዘዘለት ሰው ሳይጨርስ ትቶታል ማለት ነው። እባክሽ የቀረውን አውጥተሽ ለፋርማሲ መልሺ።

"ቁስል ውሃ አይንካው" የሚባለውንም አትስሚ፤ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። ሌላ ጊዜ ሲቆረጥ እጅሽን ታጠቢ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ 10 ደቂቃ ሳትገልጪ ጫን አድርገሽ ያዢው። ከዚያ በደንብ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቢው፣ ዙሪያውን በሳሙና። የጀሪካን ውሃ ከሆነና ከተጠራጠርሽ አፍልተሽ አቀዝቅዢው። በጎዝ ሸፍነሽ በየቀኑ ቀይሪ። አፉን የከፈተ ወይም ደሙ አልቆም ያለ ቁስል ግን በክር መሰፋት ሊያስፈልገው ስለሚችል በዚያው ሰዓት ይሂድ።

መቅላቱ መስመር ሠርቶ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ሆስፒታል። እስክትደርሺ ድረስ ቁስሉ ላይ ምንም አትጨምሪበት።