ሐረጎን የሚወጣ ሴዳን፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ጠይቀው የመለስኳቸው

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ የምሠራውም ኮምቦልቻ። ሰሞኑን ደሴ ወጣሁ ኮምቦልቻ ዋልኩ፣ የምጠየቀው ስለ አንድ ነገር ነው፦ አዲስ የቤት መኪና። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ እዚህ መልሻቸዋለሁ።

ከጥር 2016 ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ሴዳን ማለት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ማለት ነው። የእኔ አቋም ይኸውላችሁ፦ እኛ ዘንድ መኪና መመዘን ያለበት በመጀመሪያ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያወጣው የሐረጎ ዳገት፣ ቀጥሎ በግቢያችሁ ቆጣሪ ነው። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ኪሎሜትር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከሆጤ፣ መምህርት፦ ጋሼ፣ ቢዋይዲ ቺን ፕላስ፣ ቶዮታ ቢዚ3 እና ቢዋይዲ ሲል እያልኩ እያማረጥኩ ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛውን ትመክረኛለህ?

ሦስቱም ከለመድነው ኮሮላ ይረዝማሉ። አዲሱ ኮሮላ ሴዳን 4.63 ሜትር ነው። ቢዚ3 ወደ 4.73፣ ቺን ፕላስ ወደ 4.77፣ ሲል ደግሞ 4.80 ሜትር ናቸው። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የቢዚ3ና የሲል የእግር ቦታ ሰፊ ነው። የሦስቱም ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ባትሪ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ሙቀትም ቶሎ አይጎዳውም።

ቺን ፕላስ በብዛት የሚገኘው በ48 እና በ57.6 ኪሎዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል መጠን) ባትሪ ነው። ቢዚ3 በ49.9 እና በ65.3 ይመጣል። ሲል 61.4 እና 82.5 አለው። ሲል ቆንጆና ፈጣን መኪና ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ከመሬት ያለው ከፍታ 120 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አራት ሰው ጭኖ በደሴ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና በየሰፈሩ በተሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ሆዱ ይነካል። ሆዱ ስር ያለው ደግሞ ውዱ ባትሪ ነው። ለአንቺ የምመርጠው ባለ 57.6 ቺን ፕላስ ነው። ገንዘቡ ካለ ባለ 65.3 ቢዚ3 ይሁን። የሁለቱም ከመሬት ያለው ከፍታ ብዙ አያኮራም፤ ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ሰው ጭነሽ ሰፈርሽ ድረስ ንጂው።

ከደሴ እየተመላለሰ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት፦ ሐረጎ ዳገቱ ባትሪ ይጨርሳል ይሉኛል። እውነት ነው?

ይበላል፤ ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። በቁጥር እንየው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ርቀቱ ወደ 25 ኪሎሜትር ነው። መኪናው ከነሰዎቹ 2,000 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ይህን ክብደት 650 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። መንገዱ ሜዳ ቢሆን ኖሮም ሌላ 3.5 ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል።

ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ይይዛል፤ ለዳገቱ ካወጣኸው ከግማሽ በላይ ይመልስልሃል። ደርሶ መልስህ ከ8 እስከ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከ57.6 ባትሪ ላይ 15 በመቶ ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬኑን እያቃጠለ የሚወርደውን ቁልቁለት አንተ ባትሪ እየሞላህ ትወርደዋለህ። እዚህ ላይ ነው የኤሌክትሪክ መኪና የምወደው።

ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ሻጭ አይነግርህም። ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ያኔ መኪናው በሞተር አይያዝም፤ ሐረጎን በሙሉ በፍሬን ብቻ ትወርዳለህ። ደሴ የምታድር ከሆነ በ85 ወይም በ90 በመቶ አቁመህ ውጣ። ባትሪው መለኪያውን እንዲያስተካክል አልፎ አልፎ እስከ ጫፍ መሞላት አለበት። ያንን ቅዳሜ ማታ አድርገው፤ እሁድ ከተማ ውስጥ ንዳበት። ኮምቦልቻ የሚያድር ሰው ግን መጀመሪያ ስለሚወጣ ሞልቶ ቢነሳ ችግር የለውም።

ጉልበት እንደሆነ አትጠራጠር። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (ተጨማሪ አየር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈለግ ልዩነቱ ይታያል።

ከሙጋድ፣ ነጋዴ፦ ወንድሜ፣ ዋጋውን ንገረኝ። አዲስ አበባ የሰማሁትና እዚህ የሚጠሩልኝ አይገናኝም።

ዛሬ የምጽፍልዎት ቁጥር ሳምንት ሳይሞላው ሊያሳስትዎት ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የውጭ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ሻጩም ዋጋውን ከዚያ ጋር ያንቀሳቅሳል። ይልቅ ዋጋው ከምን ከምን እንደተሠራ ይወቁ።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲፈቀድ ቀረጡ የተደለደለው እንዲህ ነበር፦ ሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገጣጠም ዜሮ። ስለዚህ "እዚሁ የተገጣጠመ ነው ወይስ እንዳለ የገባ?" ብለው ይጠይቁ። እዚህ ተገጣጥሞ እንዳለ በገባው ዋጋ የሚሸጥልዎት ካለ ይከራከሩ።

ከዚያ ያልተጠራው ወጪ አለ። የግድግዳ ቻርጀሩና ኬብሉ ከዋጋው ጋር ናቸው ወይ? ታርጋና ስም ማዞሪያ ማን ይከፍላል? የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው፤ ለእንዲህ ያለ መኪና ግን ሙሉ ኢንሹራንስ ሳይገቡ እንዳያድሩ። ደላላ ካለ የሱንም ይጨምሩ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ያስጽፉ፤ ሁለት ሻጭ የሚነጻጸረው በዚያ ወረቀት ነው።

የነዳጁን ቁጠባ ራስዎ ያስሉት። 100 ኪሎሜትር ለመሄድ የቤንዚን ሴዳን 8 ሊትር ገደማ ይጠጣል። የኤሌክትሪኩ ከቆጣሪ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይስባል። በዛሬ ሊትር ዋጋና መብራት ኃይል በላከልዎት ቢል ላይ ባለው ታሪፍ ያባዙት። ነዳጅ ማደያ ተሰልፈው የሚያጡትን የሥራ ቀን ሳልቆጥር ነው።

ከቧንቧ ውሃ፦ ወለድ ውስጥ ሳልገባ በባንክ መግዛት እችላለሁ?

አዎ፣ በሙራባሃ። ባንኩ መኪናውን ራሱ ይገዛና ትርፉን ነግሮህ በክፍያ ይሸጥልሃል። ሂጅራና ዘምዘም ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ናቸው፤ ሌሎች ባንኮችም ለብቻው መስኮት አላቸው። ቅድመ ክፍያውንና ጠቅላላ የምትከፍለውን መጀመሪያ ጠይቅ። ባንኩ ከዚያ ሻጭ ላይ ለመግዛት መስማማቱን ሳታረጋግጥ ለሻጩ ቀብድ እንዳትከፍል።

ከአራዳ፣ ጡረተኛ አባት፦ ልጄ፣ መብራት ይጠፋል፤ ቤቴም አሮጌ ነው። እንዴት ይሆናል?

አባቴ፣ የቤትዎ ጉዳይ ከመብራቱ መጥፋት ይበልጥ ያሳስበኛል። በተራ ሶኬት ሲሞላ መኪናው 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ይህ ለሰዓታት ሳይቋረጥ ምጣድ እንደ መጣድ ነው። የድሮ ቤት ሽቦ ቀጭን ነው፤ ይግላል፣ ከዚያም ሊያያዝ ይችላል። ማራዘሚያ ኬብል በፍጹም አይጠቀሙ። ከቆጣሪው ጀምሮ ለመኪናው ብቻ የሚሆን ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ጥሩ የመሬት መስመር ያሠሩ። ይህ ሳይሠራ መኪናው ግቢ አይግባ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሌሊት ለአምስት ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ከቆየ 10 ኪሎዋት ሰዓት አገኙ ማለት ነው። ደሴ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ይሸፍናል። ሁለት ሦስት ቀን ቢጠፋም ባትሪው ግማሽ ካለው አይቸገሩም። ከ40 በመቶ በታች ማሳደርን ልማድ አያድርጉት።

ከኮምቦልቻ፦ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ ነው የምኖረው።

ሥራ ቦታህ በቋሚነት እንድትሞላ በጽሑፍ ካልፈቀደልህ አሁን አትግዛ።

ከፒያሳ፦ አዲስ አበባ በአንድ ቻርጅ እደርሳለሁ?

መንገዱ 400 ኪሎሜትር ነው። ባለ 57.6 ቺን ፕላስ 510 ኪሎሜትር ይላል፤ ግን በቻይና መለኪያ ነው። ያ መለኪያ ቸር ስለሆነ ለእኛ መንገድ ከአራቱ ሦስት እጅ ብቻ ቁጠር፤ 380 ገደማ ነው። ደግሞ መንገዱ ከከሚሴና ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ጣርማ በርን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ባለ 65.3 ቢዚ3 ሊደርስ ይችላል፤ እሱም ትንሽ ይዞ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የምትሞላበትን ቦታ ሳትነሳ በስልክ አረጋግጥ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሶኬቱ ጂቢቲ የሚባለው ነው፤ ጣቢያው ሲሲኤስ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሶኬት ብቻ ካለው አይገጥምልህም። የመንገዱንም ደህንነት ጠይቀህ ውጣ።

ከኩታበር፣ የጤና ባለሙያ፦ ያገለገለ ኮሮላ አይሻልም ወይ?

ለአንተ ይሻላል። ሥራህ ወደ ገጠር ጠጠር መንገድ የሚወስድህ ከሆነና ማታ የት እንደምታድር ካላወቅህ ኮሮላ ግዛ። መለዋወጫው በየሱቁ አለ፤ የትኛውም ጋራዥ ይሠራዋል። ክልከላው የሚመለከተው አዲስ የሚገባውን ነው፤ አገር ውስጥ ያለውን መግዛት ይቻላል። ክፉ ጎኑ ነዳጁ ነው፤ ደግሞ አዲስ ስለማይገባ አሮጌውም ዋጋው አይቀመስም። ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነስተህ ስማ፤ ሞቆ የጠበቀህን መኪና ነገ ተመልሰህ እየው።

ከሰኞ ገበያ፣ ወጣት፦ ክፍያ ከመፈጸሜ በፊት ምን ልይ?

የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር አንድ መሆኑን እይ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይሠራል ወይስ ቻይንኛ ብቻ? ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው? ብዙዎቹ የሚገቡት በግል አስመጪ ስለሆነ የፋብሪካው ዋስትና አይከተላቸውም። አስመጪው ራሱ የባትሪ ዋስትና ጽፎ ካልፈረመ ዋጋውን ያውርድ። ሻጩ ፊት ቻርጀሩን ሰካና ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤ መሙላቱን በዓይንህ እይ። ከስር አንስተህ የባትሪው ሽፋን መጫሩን ወይም መጎድጎዱን ተመልከት። የተነካ ካገኘህ፣ ምንም ያህል ቢቀንሱልህ ጥለኸው ውጣ።

ከገራዶ፦ ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ ቢገባስ?

ባትሪው በደንብ የታሸገ ነው፤ ዝናብና ኩሬ አያስፈራውም። የሚፈስ ውሃ ግን የጎማውን መሃል ከደረሰ አትግባ፤ ቆመህ ጠብቅ። ሳታውቅ ከገባህ ሳትሰካው በፊት አስፈትሽ።