በመኪና ጭስ መሃል መሮጥ ይጎዳኛል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 38 ዓመቴ ነው። ከሥራ መልስ በዋና መንገድ ዳር 40 ደቂቃ ያህል እሮጣለሁ። ቤት ገብቼ ስናፈጥ ሶፍቱ ይጠቁራል፤ ጉሮሮዬንም ይከረክረኛል። ጓደኞቼ «ላብ መርዙን ጠርጎ ያወጣዋል፣ አታስብ» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሩጫውን እንዲተዉ አልነግርዎትም፤ እባክዎ እንዳይተዉት። መቀየር ያለበት ቦታውና ሰዓቱ ነው።

ሶፍቱ ላይ የሚያዩት ጥቁር ነገር አፍንጫዎ ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። ትልልቁን ብናኝ ይዞ አስቀርቶልዎታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሶፍት ላይ የማይታየው ነው። ጭሱ ውስጥ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ቅንጣቶች አሉ። አንዲት ፀጉር በውፍረት 30 ጊዜ ያህል ትበልጣቸዋለች። እነዚህ ሳንባ ጥግ ድረስ ይዘልቃሉ፤ በጣም ደቃቆቹ ወደ ደም ያልፋሉ። አርፈው ሲቀመጡ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይተነፍሳሉ። ጠንከር አድርገው ሲሮጡ ግን ከ60 ሊትር በላይ ይሆናል። ትንፋሽ ሲያጥርዎት ደግሞ በአፍዎ መሳብ ይጀምራሉ፤ ያኔ የአፍንጫው ማጣሪያ ቀረ ማለት ነው።

ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝም አለ። ደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ልብዎ ኦክስጅን አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ቦታውን ይሻማበታል። የልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በላቡ ነገር ጓደኞችዎ ተሳስተዋል። ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፤ ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። ሳንባ የገባን ጥቀርሻ አያወጣም። ኬሚካሎችን የማስወገዱን ዋና ሥራ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው።

ከሥራ መውጫ ሰዓት መኪና የሚበዛበት ነው፤ ከቻሉ ትራፊኩ ሳይጀምር በጠዋት ይሩጡ። ከዋናው መንገድ አንድ ሁለት መቶ ሜትር ገባ ሲሉም ጭሱ ብዙ ይቀንሳል። የጨርቅ ማስክ አድርጌ ልሩጥ እንዳይሉ፤ ደቃቁን ብናኝ በደንብ አያግድም፣ ጋዙን ጭራሽ አያቆምም።

ቦታ ቀይረው ሁለት ሳምንት ቆይተውም ጉሮሮዎ ካልተሻለው፣ ወይም ሲሮጡ ደረትዎ ሲር ሲር ካለ፣ ሐኪም ይይዎት፤ አስም ሊሆን ይችላል። ደረትዎን ጭምቅ አድርጎ ካመመዎት ግን ሩጫውን እዚያው አቁመው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።