ስቀዳ ድምፄን እጠላዋለሁ ላልሽው

የቀዳሽውን አምባሰል ስትሰሚው «የኔ አይመስልም» ብለሽ የምታጠፊው ድምፅሽ ስለከፋ አይደለም። ስታዜሚ ድምፅሽን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅልሽ አጥንት በኩልም ትሰሚዋለሽ፤ አጥንቱ ወፈር ያደርግልሻል። ስልኩ የሚይዘው በአየር የመጣውን ብቻ ስለሆነ ይቀጥንብሻል። እኛ ግን ድሮም የምንሰማሽ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ጆሮሽን አልምጂው፦
1. ለ2 ሳምንት በየቀኑ አንድ ስንኝ ብቻ ቅጂ። ያን ዕለት አትስሚው፤ በማግስቱ ስሚው፣ አታጥፊው።
2. ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ ትንሽ ወደ ጎን አድርጊው፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፈ» እና «ፐ» ላይ ትንፋሽሽ ይመታዋል።
3. ድምፅሽ እንዳያስተጋባ ባዶው ግድግዳ ላይ ጋቢ ስቀዪበት። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን መቅዳቱን ተይው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አፍነሽ አትቅጂ። ኮምቦልቻ ተከራይቼ ስኖር ጎረቤት እንዳይሰማኝ ድምፄን ውጬ ነበር የምቀዳው። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሁሌ ይሰበርብኛል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅ የለኝም ብዬ አምኜ ኖርኩ። አንድ ቅዳሜ ግቢው በሙሉ ገበያ ሲወጣ ለቅቄ ብዘፍነው፣ ያ ቦታ ሳይሰበር ወጣልኝ። አንቺም ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ፈልጊ።