በሞጆ ወንዝ ባዮፊልም ላይ ልሥራ? ለአንዲት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

የማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነሽ። በሞጆ ወንዝ ድንጋዮች ላይ የሚያድገው ባዮፊልም (ባክቴሪያዎች በዝልግልግ ነገር ተያይዘው የሚሠሩት ስስ ሽፋን) ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣውን ክሮሚየም እንዴት እንደሚቋቋም ልታጠኚ አስበሻል፤ «በዚህ ማን ይቀጥረኛል?» የሚለው ግን አሳስቦሻል።

ርዕሱን አትተዪው፤ አጥብቢው። ከፋብሪካዎቹ በላይና በታች የመስታወት ስላይዶችን ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንት ወንዙ ውስጥ አስቀምጪ፤ ከዚያ የሁለቱንም ባዮፊልም ላቦራቶሪ ውስጥ ለተለያየ የክሮሚየም መጠን አጋልጪ። የታችኛው ከላይኛው ይልቅ ክሮሚየሙን ከተቋቋመ፣ ክሮሚየሙ ደካሞቹን አስወግዶ ቻዮቹን አስቀርቷል ብለሽ ለመከራከር መነሻ አገኘሽ። በክረምት አትጀምሪ፤ ጎርፉ ስላይዶቹን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ኬሚስትሪው ላይ ነው። ክሮሚየም በሁለት መልክ ይገኛል፤ ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ክሮሚየም ሦስት ነው፤ ይበልጥ መርዛማው ክሮሚየም ስድስት ነው። ሦስቱ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ባክቴሪያዎቹ በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ላይ ይጣበቃል። ስድስቱ ግን ሰልፌትን የሚመስል ክሮሜት ሆኖ በሰልፌት መግቢያ በር ሾልኮ ሴሉ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሰልፌት የበዛበት ማሳደጊያ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ) መርዛማነቱን አሳንሶ ያሳይሻል። እንደ ኤልቢ ያለ ምግብ የበዛበት ማሳደጊያ ደግሞ ባክቴሪያ ሳይኖርበትም ስድስቱን ቀስ በቀስ ወደ ሦስት ሊለውጥ ይችላል። ባክቴሪያ የሌለበት ማነጻጸሪያ ካላስቀመጥሽ የማሳደጊያውን ሥራ ለባክቴሪያዎቹ ትሰጪያለሽ። ስድስቱን ቀይ-ሐምራዊ በሚያደርገው ኬሚካል፣ በዳይፌኒልካርባዛይድ፣ አቅልመሽ በስፔክትሮፎቶሜትር (የቀለምን ጥንካሬ በብርሃን በሚለካው መሣሪያ) በ540 ናኖሜትር አንብቢ።

የባዮፊልሙን መጠን ለመለካት 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የላቦራቶሪ ፕሌት ላይ 0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለው ቀለም ይበቃል፤ በደንብ አጥበሽ በ30 በመቶ አሴቲክ አሲድ አሟሚውና በ550 አንብቢ። ቀለሙ ግን የሞተውንም ዝልግልጉንም ይይዛል። መርዝ ውስጥ ወፍራም ባዮፊልም ማየት በሕይወት መኖሩን አያረጋግጥምና በሕይወት ያሉትን ከሚያሳየው ከኮሎኒ ቆጠራ ጋር አጣምሪው። የዳር ጉድጓዶች ቶሎ ስለሚደርቁ ውሃ ብቻ ጨምሪባቸው። የክሮሚየም ስድስት ጨው የሆነው ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው፤ ጓንት አትርሺ፣ ትርፉንም ለብቻው አጠራቅሚ እንጂ ቧንቧ ውስጥ አትድፊ (ስለ ወንዝ ብክለት እያጠኑ ወንዙን መበከል ያሳፍራል)።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ «የባዮፊልም ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። ነገር ግን ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ ላይ ተጣብቆ ፍሳሹን የሚበላው ራሱ ባዮፊልም ነው፤ መርዝ ድንገት ሲገባበት ለምን እንደሚዳከም ማስረዳት የሚችል ሰው እዚያ ይፈለጋል። የውሃና ፍሳሽ ላቦራቶሪዎችን፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶችንና የኢንዱስትሪ ፓርኮችን ማጣሪያዎች ተመልከቺ። የሥራ ታሪክሽ ላይ ከርዕስሽ በፊት ናሙና አወሳሰድን፣ የመለኪያ መሣሪያን በስታንዳርድ ማስተካከልንና የአይኤስኦ 17025ን (የላቦራቶሪዎች ብቃት ዓለም አቀፍ መስፈርት) አሠራር አስቀድሚ።

የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንዳሉ የሚያሳየው የዲኤንኤ ንባብ ውድ ነው፤ ሪኤጀንቱም (ኬሚካሉ) ጉምሩክ ላይ ሊቆይ ይችላል። ጽሑፍሽ ያለ እሱም እንዲቆም አድርገሽ አቅጂው። ፕሮፖዛሉን ከማስገባትሽ በፊት ግን የክፍላችሁ ስፔክትሮፎቶሜትር በ540 ላይ አምስት የክሮሚየም ስታንዳርዶችን (መጠናቸው የታወቀ ናሙናዎችን) ቀጥ ባለ መስመር እንደሚያነብ ራስሽ ፈትሺ።